ምን ገደበው? ለሕይወት ሳይንስ ፈተና በመስኮት ዳር የምሠራቸው ሙከራዎች ማስታወሻ

መነሻ

ለሕይወት ሳይንስ ፈተና የሚዘጋጅ ሰው የእፅዋት ፊዚዮሎጂንና የሥነ ምህዳርን ምዕራፎች ብዙውን ጊዜ ለየብቻ ያነባቸዋል። አንዱ ስለ ሴልና ስለ ሆርሞን ያወራል፤ ሌላው ስለ ሕዝብ ብዛትና ስለ ውድድር። የልምምድ ጥያቄዎችን ጎን ለጎን ደርድሬ ሳያቸው ግን በሁለቱም በኩል ከባድ የሚባሉት ጥያቄዎች መልካቸው አንድ ነው። ግራፍ ይሰጣል፤ መስመሩ ወደ ላይ ሲወጣ ቆይቶ ይተኛል፤ ከዚያ ለምን እንደተኛ ይጠየቃል። የብርሃንና የፎቶሲንተሲስ ግራፍ ይተኛል፤ የሕዝብ ዕድገት ግራፍም ይተኛል። ስለዚህ በዚህ ሥራ ውስጥ በየሙከራው ላይ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ በዚህ ሰዓት ገዳቢው ምንድን ነው?

ዕቃው ቀላል ነው። የቦሎቄ ችግኞች፣ በውሃ ላይ የምትንሳፈፈው ትንሿ ተክል ሌምና ያለችባቸው የብርጭቆ ማሰሮዎች፣ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ የጠረጴዛ መብራት፣ ቫዝሊን፣ ቀለም አልባ የጥፍር ቀለም፣ ትንሽ ሚዛን፣ ማይክሮስኮፕና የአሲድነት መለኪያ ወረቀት። ለራሴ ያወጣሁት ደንብም አጭር ነው። ከመለካቴ በፊት የምጠብቀውን ውጤት ከነምክንያቱ እጽፋለሁ። ከለካሁ በኋላ ደግሞ ከዚያው ሙከራ አንድ የፈተና ጥያቄ አወጣለሁ። ሰውን ሊያሳስቱ የሚችሉ አማራጮችን መጻፍ ካቃተኝ ጉዳዩ ገና አልገባኝም ማለት ነው።

የቅጠል ክቦች በመብራት ሥር

ፀጉር ከሌለው ለስላሳ ቅጠል ላይ በወረቀት መብሻ እኩል መጠን ያላቸው ክቦች ቆረጥኩ። ክቦቹ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ ከሟሟበት ውሃ ጋር ሲሪንጅ ውስጥ ይገባሉ። የሲሪንጁ አፍ በጣት ተደፍኖ መግፊያው ወደ ኋላ ሲሳብ በቅጠሉ ሴሎች መካከል የነበረው አየር ይወጣል፤ ሲለቀቅ ውሃው ቦታውን ይይዛል፣ ክቦቹም ይሰምጣሉ። ሶዳው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ምንጭ ነው። መብራት ሥር ሲቀመጡ የሚያመርቱት ኦክስጅን በሴሎቹ መካከል ይጠራቀምና አንድ በአንድ ወደ ላይ ያነሣቸዋል። ግማሾቹ እስኪንሳፈፉ የሚፈጀው ጊዜ መለኪያዬ ነው። ጊዜው ባጠረ ቁጥር ፍጥነቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ግራፉ ላይ የማስቀምጠው ጊዜውን ሳይሆን 1 ለጊዜው ሲካፈል የሚገኘውን ቁጥር ነው። ይህን ያልለወጠ ሰው የተገለበጠ ግራፍ ይዞ ይቸገራል።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። መብራቱ ብርሃን ብቻ ሳይሆን ሙቀትም ይሰጣል፤ በመብራቱና በክቦቹ መካከል ውሃ የሞላ ጠፍጣፋ የብርጭቆ ዕቃ ካልቆመ የሁለቱን ተጽዕኖ መለየት አይቻልም። ሌላው የርቀት ሕግ ነው። ከትንሽ የብርሃን ምንጭ ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የብርሃኑ መጠን ወደ ግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። በታችኛው ዘንግ ላይ ርቀትን ሳይሆን 1 ለርቀት ካሬ የማስቀምጠው ለዚህ ነው።

ውጤቱ እንደጠበቅኩት ሆነ፣ ማየቱ ግን ከማንበቡ ይበልጣል። መብራቱ ሩቅ በነበረበት ክፍል ትንሽ ባስጠጋሁት ቁጥር ክቦቹ በግልጽ ፈጥነው ተነሡ። በጣም ከቀረበ በኋላ ማስጠጋቱ ምንም አልጨመረም። ከዚያ በሌላ ዕቃ ላይ ሶዳውን አበዛሁ። በሩቁ ብርሃን ልዩነት አልታየም። በቅርቡ ብርሃን ግን አዲሱ መስመር ከፊተኛው ተለይቶ ወጣ። ፍሬድሪክ ብላክማን በ1905 ያስቀመጠው የገዳቢ ነገሮች ሕግ በጠረጴዛዬ ላይ ተሠርቶ አየሁት፤ ሂደቱን የሚወስነው በዚያ ሰዓት ከሁሉም ያነሰው አቅርቦት ነው።

ከዚህ ለፈተና የሚጠቅም አንድ የአነባበብ ደንብ አወጣሁ። ሁለት መስመሮች አብረው በሚወጡበት ክፍል ገዳቢው በታችኛው ዘንግ ላይ ያለው ነገር ነው። ተለያይተው ሁለቱም በተኙበት ክፍል ደግሞ ገዳቢው ሁለቱን መስመሮች የሚለያያቸው ነገር ነው። ሙቀትም በዚሁ ይገባል። ደካማ ብርሃን ባለበት ሙቀት መጨመር እምብዛም አይረዳም፤ ምክንያቱም ብርሃን የሚይዘው ክፍል ለሙቀት ያለው ምላሽ ትንሽ ነው። ብርሃን ሲበዛ ሥራው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ስኳር በሚለውጠው የካልቪን ዑደት ኤንዛይሞች ላይ ይወድቃል፤ ኤንዛይም ደግሞ ሙቀትን በደንብ ያውቃል።

በማግስቱ፣ መብራቱን አጥፍቼ

ተንሳፍፈው የነበሩትን ክቦች ጨለማ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ቆይተው ተመልሰው ሰመጡ። ኦክስጅኑን ራሳቸው ተነፈሱት፤ በምትኩ የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃ ውስጥ በቀላሉ ይሟሟል።

ይህ ትንሽ ነገር ስንት ጥያቄ እንደሚፈታ! ክቦቹ ሲነሡ የለካሁት ጠቅላላ ፎቶሲንተሲስን አይደለም፤ ከጠቅላላው ላይ አተነፋፈስ ከተቀነሰ በኋላ የቀረውን ነው። በብርሃን የተጣራው ምርት 8 ከሆነና በጨለማ የሚተነፈሰው 3 ከሆነ ጠቅላላው 11 ነው። ሁለቱ እኩል የሚሆኑበት የብርሃን መጠን የማካካሻ ነጥብ ይባላል። እዚያ ላይ ፎቶሲንተሲስ አልቆመም፤ የሚገባውና የሚወጣው ጋዝ ተካክሏል እንጂ። የጥላ ተክሎች ከ1 እስከ 5 ማይክሮሞል ፎቶን በካሬ ሜትር በሴኮንድ አካባቢ ይካካሳሉ፤ የፀሐይ ተክሎች ግን ከ10 እስከ 20 ያስፈልጋቸዋል። የጥላ ተክል ዝቅ ባለ ብርሃን የሚኖረው ብዙ ስለሚያመርት ሳይሆን ትንሽ ስለሚተነፍስ ነው።

ያው መቀነስ በሥርዓተ ምህዳር ምዕራፍ ይመለሳል። ከጠቅላላ የመጀመሪያ ደረጃ ምርት ላይ የአምራቾቹ አተነፋፈስ ሲቀነስ የተጣራ የመጀመሪያ ደረጃ ምርት ይገኛል። ሊንድማን በ1942 ያሳየው የኃይል ፍሰት ከዚህ ይጀምራል፤ ከአንዱ የምግብ ደረጃ ወደ ቀጣዩ የሚያልፈው በግምት 10 በመቶ ነው ይባላል፣ እውነተኛው መጠን ግን ከሥርዓት ሥርዓት ይለያያል። የኃይል ፒራሚድ ፈጽሞ አይገለበጥም። የባዮማስ ፒራሚድ ግን በባሕር ላይ ሊገለበጥ ይችላል፤ ጥቃቅኖቹ አልጌዎች በአንድ ቅጽበት ሲመዘኑ ጥቂት ቢሆኑም በፍጥነት ይተካሉና።

ቫዝሊን፣ የጥፍር ቀለምና የቅጠል ቀዳዳዎች

አራት ተመሳሳይ የቦሎቄ ቅጠሎች ቆረጥኩ፤ የአራቱንም የግንድ ጫፍ ደፈንኩ። አንዱን በላይኛው ገጽ፣ አንዱን በታችኛው ገጽ፣ አንዱን በሁለቱም በኩል ቫዝሊን ቀባሁ፤ አራተኛውን እንዳለ ተውኩት። ሁሉንም መዝኜ በክር ሰቀልኩ። ቆይቼ ስመዝናቸው ብዙ ውሃ ያጣው ያልተቀባው ነው፤ ላይኛው ገጹ የተቀባው ተከተለው፤ ታችኛው ገጹ የተቀባው ጥቂት ብቻ ቀነሰ። በጥፍር ቀለም የወሰድኩት አሻራ ምክንያቱን አሳየ። ቀለሙ ቅጠሉ ላይ ደርቆ በግልጽ ፕላስተር ሲነሣ የገጹን ቅርጽ ይዞ ይመጣል። ከታችኛው ገጽ የመጣው አሻራ ስቶማታ በሚባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ ከላይኛው ግን እዚህም እዚያም የተበተኑ ጥቂቶች ናቸው። እያንዳንዱ ቀዳዳ በሁለት ጠባቂ ሴሎች መካከል ተቀምጧል።

እዚህ ላይ ጊዜ ወሰድኩ፣ መውሰድም ይገባል፤ ከፊዚዮሎጂ ጥያቄዎች ብዙዎቹ በዚህ በር ያልፋሉ። ማለዳ ሰማያዊ ብርሃን ፎቶትሮፒን የተባሉትን ተቀባይ ፕሮቲኖች ያነቃል። በጠባቂ ሴሉ ሽፋን ላይ ያለው ፓምፕ ፕሮቶኖችን ወደ ውጭ ይገፋል፣ የሴሉ ውስጥ ኤሌክትሪካዊ አሉታዊነት ይጨምራል፣ ፖታስየም በተከፈተለት መንገድ ይገባል። ክሎራይድና ማሌት ሚዛኑን ያሟላሉ። የሟሚው መጠን ሲጨምር ውሃ ይከተላል፣ ሴሉም ይወጠራል። የሴሉሎስ ጭረቶቹ ሴሉን ዙሪያውን ስለከበቡት በስፋት መነፋት አይችልም፤ ይረዝማል፣ ይጎብጣል፣ ቀዳዳውም ይከፈታል። ድርቅ ሲመጣ አብሲሲክ አሲድ የተባለው ሆርሞን ነገሩን ይመልሰዋል። በሴሉ ውስጥ ካልሲየም ይጨምራል፣ የአሉታዊ አየኖች መውጫ ይከፈታል፣ ፖታስየምም ይወጣል፣ ውሃም ይከተለዋል፣ ቀዳዳው ይዘጋል። ጥያቄ አውጪዎች የሚወዱት ቅደም ተከተሉን ነው፤ ፕሮቶን ቀድሞ ይወጣል፣ ፖታስየም ኋላ ይገባል፣ ውሃ የመጨረሻው ነው።

ቀዳዳው ሲከፈት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገባል፣ ውሃ ይወጣል። አንዱን ያለ ሌላው ማግኘት አይቻልም። አንድ የሲ3 ተክል፣ ማለትም እንደ ቦሎቄ ካርቦኑን በቀጥታ በካልቪን ዑደት የሚይዝ፣ አንድ ሞለኪውል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመያዝ በመቶዎች የሚቆጠሩ የውሃ ሞለኪውሎችን ያጣል። በረሃማ ቦታ ለምን ውሃ የሚቆጥቡ ቅጠሎች እንደሚኖሩ፣ ደን ለምን እርጥበት በሚበዛበት እንደሚለመልም የሚያስረዳው ይኸው ልውውጥ ነው። የሥነ ምህዳሩ ምዕራፍ ከስቶማታ ይጀምራል ብዬ ብጽፍ አላጋነንኩም።

ውሃ ወዴት ይሄዳል?

ዛሬ ሙከራ የለም፤ ስሌት ብቻ። የውሃ እምቅ ጉልበት የሁለት ድርሻዎች ድምር ነው፦ የሟሚ ድርሻና የግፊት ድርሻ። የንጹሕ ውሃ ዋጋ 0 ነው። ሟሚ ወደ አሉታዊ ይጎትተዋል፤ የሴል ግድግዳ ግፊት ወደ ላይ ይመልሰዋል። ውሃ ሁልጊዜ ከፍ ካለው ድምር ወደ ዝቅተኛው ይሄዳል።

ለራሴ ያወጣሁት ጥያቄ ይህ ነው። ሴል ሀ የሟሚ ድርሻው −0.8፣ የግፊት ድርሻው +0.5 ሜጋፓስካል (የግፊት መለኪያ) ነው። ሴል ለ የሟሚ ድርሻው −0.6፣ የግፊት ድርሻው +0.1 ነው። ሁለቱ ይነካካሉ። ውሃው ወዴት ይሄዳል? ሟሚውን ብቻ የሚያይ ሰው ሴል ሀ የበለጠ የተከማቸ ስለሆነ ውሃውን ይስባል ይላል። ድምሩን የሚሠራ ሰው ግን ሀ −0.3፣ ለ −0.5 መሆናቸውን ያገኛል፤ ስለዚህ ውሃው ከሀ ወደ ለ ይሄዳል። ለሟሚ ድርሻ መነሻ የሚሆን ቁጥርም መያዝ ጥሩ ነው፤ 0.1 ሞላር የስኳር ውሃ በ27 ዲግሪ ሴልሺየስ −0.25 ሜጋፓስካል ገደማ ነው።

ያንኑ መለኪያ ወደ አየር ስወስደው ደነቀኝ። አንጻራዊ እርጥበቱ 50 በመቶ የሆነ አየር በ20 ዲግሪ ላይ የውሃ እምቅ ጉልበቱ ወደ −94 ሜጋፓስካል ይወርዳል። የቅጠል ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ−3 በላይ ነው። ትልቁ ልዩነት በሥርና በቅጠል መካከል ሳይሆን በቅጠልና በአየር መካከል ነው፤ ስቶማታ የተተከሉትም ልክ እዚያ ድንበር ላይ ነው። ዲክሰንና ጆሊ በ1894 ያቀረቡት የመሳብና የመያያዝ ማብራሪያ ከዚህ ጋር ይሰካል። የከባቢ አየር ግፊት ውሃን ከ10 ሜትር ገደማ በላይ ሊገፋ አይችልም፤ ረጃጅሞቹ ዛፎች ግን ከ110 ሜትር ያልፋሉ። ውሃው ከላይ ይሳባል፣ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ተያይዘው ክሩ ሳይበጠስ ይወጣል። የሥር ግፊት ማታ በአጫጭር ተክሎች ጠርዝ ላይ ጠብታ ሊያወጣ ይችላል፤ ረጅም ዛፍን ግን አያጠጣም።

ንጋትና ምሽት

ወፍራም ቅጠል ካለው የካላንቾ ተክል ማለዳ ላይ ቅጠል ቀጥፌ ጭማቂውን በአሲድነት መለኪያ ወረቀት ነካሁት፤ ምሽት ላይም ደገምኩት። የማለዳው ጭማቂ በግልጽ አሲዳማ ነው፤ የምሽቱ ለዘብ ያለ ነው። ከቦሎቄው ቅጠል ያወጣሁት ጭማቂ ግን እንዲህ ያለ ለውጥ አላሳየም። ካላንቾው ስቶማታውን በሌሊት ይከፍታል፣ ፔፕ ካርቦክሲሌዝ በተባለ ኤንዛይም ካርቦኑን ይይዛል፣ በማሊክ አሲድ መልክ ቫኪዩል በተባለው የሴሉ ከረጢት ያከማቻል። ቀን ስቶማታውን ዘግቶ አሲዱን ያፈርሳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን የካልቪን ዑደት ኤንዛይም ለሆነው ለሩቢስኮ ይሰጣል። እንዲህ የሚያደርግ ተክል የካም ተክል ይባላል፤ ለአንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያጣው ውሃ ወደ 50 ሞለኪውል ሊወርድ ይችላል።

የሲ4 ተክሎች ያንኑ ሥራ በጊዜ ሳይሆን በቦታ ይለያሉ፤ የመጀመሪያው መያዝ በሜሶፊል ሴሎች፣ የካልቪን ዑደት በቧንቧ ከባቢ ሴሎች ይከናወናል። ሃችና ስላክ መንገዱን በ1960ዎቹ ገለጹት። ክፍያው መረሳት የለበትም። ሲ3 ለአንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 3 ኤቲፒ (ሴሉ ኃይል የሚከፍልበት ሞለኪውል) ሲያወጣ ሲ4 5 ያወጣል። ሙቀትና ብርሃን በሚበዛበት፣ ሩቢስኮ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ፋንታ ኦክስጅን በሚይዝበት ቦታ ይህ ወጪ ያዋጣል። በቀዝቃዛና በጥላማ ቦታ ገዳቢው ብርሃን ስለሆነ ተጨማሪው ኤቲፒ ዕዳ ነው። "ሲ4 ከሲ3 ይሻላል" የሚል አማራጭ በፈተና ላይ ሲመጣ የት ይሻላል ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

ጨለማ ውስጥ የበቀለ ቦሎቄ

ከአንድ ቀን ዘር የበቀሉ ችግኞች፣ ግማሹ በመስኮት፣ ግማሹ በተዘጋ ሳጥን። የሳጥኖቹ ረጃጅም፣ ነጭ ቢጫ፣ ቅጠላቸው ያልተዘረጋ፣ ጫፋቸው እንደ መንጠቆ የታጠፈ ሆኑ። ያላቸውን ስንቅ ሁሉ ርዝመት ላይ አዋሉት፤ ምክንያቱም አፈር ውስጥ ላለ ቡቃያ ገዳቢው ብርሃን ነው፣ ብርሃኑም ያለው ላይ ነው። ሳጥኑን ከፍቼ ካስቀመጥኳቸው በኋላ መንጠቆው ተፈታ፣ ቅጠሉ ተዘርግቶ አረንጓዴ ሆነ፣ የግንዱ መርዘም ቀነሰ።

ይህን የሚያዘው ፋይቶክሮም የተባለው ብርሃን ተቀባይ ፕሮቲን ነው። ቀይ ብርሃን፣ 660 ናኖሜትር አካባቢ፣ ወደ ንቁ መልኩ ይለውጠዋል፤ ሩቅ ቀይ፣ 730 አካባቢ፣ ይመልሰዋል። ቦርትዊክ፣ ሄንድሪክስና ባልደረቦቻቸው በ1952 በሰላጣ ዘር ላይ እንዳሳዩት የብርሃን ብልጭታዎች ተራ በተራ ሲሰጡ የሚወስነው የመጨረሻው ብልጭታ ነው። በፈተና ላይ ረጅም የብልጭታ ሰንሰለት ሲሰጥ መጨረሻውን ብቻ ማየት ይበቃል።

ቀጥሎ ያደረግኩት ማሰሮ ማጨናነቅ ነው። በአንዱ ማሰሮ ጥቂት ችግኞች፣ በሌላው ብዙ። ሁለቱም ብርሃን ላይ ናቸው፣ የተጨናነቁት ግን ቀጥነው ረዘሙ። ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይይዛል፣ ሩቅ ቀዩን ያሳልፋል፣ ያንጸባርቃልም፤ ስለዚህ ተክሉ ገና ጥላ ሳያርፍበት የጎረቤቱን መኖር በቀለሞቹ ሚዛን ያውቃል። በአንድ ፕሮቲን ሁለት መልኮች ላይ የተሠራ የውድድር መረጃ ነው። የፊዚዮሎጂው ምዕራፍ "ከጥላ መሸሽ" የሚለውን፣ የሥነ ምህዳሩ ምዕራፍ "በአንድ ዝርያ ውስጥ የሚደረግ ውድድር" የሚለውን ያነበብኩት ከአንድ ማሰሮ ነው።

አበባን በሚመለከት አንድ ጥያቄ ብቻ አስቀምጣለሁ። አንድ የአጭር ቀን ተክል ወሳኝ የቀን ርዝመቱ 15 ሰዓት፣ አንድ የረጅም ቀን ተክል ወሳኙ 11 ሰዓት ነው። ቀኑ 13 ሰዓት ሲሆን የትኛው ያብባል? ሁለቱም። አጭር ማለት ከወሳኙ በታች፣ ረጅም ማለት ከወሳኙ በላይ ነው እንጂ ቀኑ በራሱ አጭር ወይም ረጅም መሆኑ አይደለም። ደግሞም ተክሉ የሚለካው ያልተቋረጠውን የሌሊት ርዝመት ነው።

የሌምና ማሰሮዎች

በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የምወደው ይህ ነው። ሌምና ቅጠል መሰል አካሏን እየከፈለች ስለምትባዛ ሕዝቧን መቁጠር ቀላል ነው። መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ እያደር ይበዛል፤ የቁጥሩ የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ከጊዜ ጋር ሲቀመጥ ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል፣ የመስመሩ ዘንበልታ አር የሚባለው የዕድገት መጠን ነው። 0.693 ለአር ሲካፈል ሕዝቡ እጥፍ የሚሆንበት ጊዜ ይገኛል። አር በቀን 0.3 ቢሆን ሕዝቡ በ2.3 ቀን እጥፍ ይሆናል። ውሃው በሌምና ሲሸፈን መስመሩ መጉበጥ ይጀምራል።

ፌርሁልስት በ1838 ያቀረበው ቀመር እንዲህ ይነበባል፦ የዕድገት ፍጥነት = አር × ኤን × (1 − ኤን ÷ ኬ)። ኤን የሕዝቡ ቁጥር፣ ኬ የመሸከም አቅም፣ ማለትም አካባቢው ሊይዝ የሚችለው ትልቁ ቁጥር ነው። አር 0.3፣ ኬ 400 ይሁን። ኤን 40 ሲሆን ፍጥነቱ 10.8፣ ኤን 200 ሲሆን 30፣ ኤን 360 ሲሆን እንደገና 10.8 ነው። ትልቁ ፍጥነት በኬ ግማሽ ላይ ነው። ለአንድ ግለሰብ የሚደርሰው የዕድገት መጠን ግን ሌላ ነው፤ እሱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ትልቁም ኤን በጣም ትንሽ ሲሆን ነው። በእነዚህ ሁለት ግራፎች መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ነጥብ የሚወስድ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ስዬ ግድግዳ ላይ ለጥፌአለሁ።

መስመሩ ሲተኛ ግን ኬ የሚለው ፊደል ምን እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ስለዚህ የሞሉትን ማሰሮዎች በአራት ከፈልኳቸው። አንዱን እንዳለ ተውኩ። ከአንዱ ግማሹን ሌምና አወጣሁ፣ ውሃውን ሳልነካ። አንዱን ሳላወጣ የተክል ማዳበሪያ ጨመርኩበት። በአራተኛው ሁለቱንም አደረግኩ። ግማሹ የወጣለት ማሰሮ እንደገና ማደግ ጀመረ፣ ግን ቀስ ብሎ፤ አዲሶቹ አካላት ገርጥተዋል፣ ሥራቸውም ረዝሟል። ማዳበሪያ ብቻ ያገኘው አረንጓዴነቱ ጠለቀ፣ የሚዘረጋበት ቦታ ግን የለውም። ሁለቱንም ያገኘው ፈጥኖ ሸፈነው። በሞላ ማሰሮ ውስጥ የመጀመሪያው ገዳቢ ቦታና ብርሃን ነበር፤ እሱ ሲነሣ ንጥረ ነገር ተራውን ያዘ። ይህ የቅጠል ክቦቹ ግራፍ ነው፤ ብርሃኑ ሲበቃ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተራውን እንደያዘ። ኬ የዝርያው ቋሚ ባሕርይ አይደለም፤ ዝርያውና አካባቢው ሲገናኙ የሚወጣ ቁጥር ነው። እያንዳንዱን የመሸከም አቅም ጥያቄ ከዚህ በኋላ የማነበው የትኛው አቅርቦት ነው ያለቀው እያልኩ ነው።

ከቤት ውጭ፣ ክፈፍና ምልክት

በሣር ሜዳ ላይ የሽቦ ክፈፍ በዘፈቀደ በተመረጡ ነጥቦች ላይ እያስቀመጥኩ አንድ ዝርያ ብቻ ቆጠርኩ። ለስሌት ልምምድ የሚሆን ምሳሌ ላስቀምጥ። በ10 ክፈፎች የተገኘው ቁጥር 0፣ 0፣ 7፣ 1፣ 0፣ 8፣ 0፣ 0፣ 4፣ 0 ነው እንበል። አማካዩ 2 ነው። ቫሪያንሱ፣ ማለትም ቁጥሮቹ ከአማካዩ የመራራቃቸው መለኪያ፣ 10 ነው። ቫሪያንሱ ለአማካዩ ሲካፈል 5 ይመጣል። 1 አካባቢ ቢሆን ሥርጭቱ ዘፈቀዳዊ፣ ከ1 በጣም ቢያንስ እኩል የተራራቀ፣ ከ1 በጣም ቢበልጥ የተከማቸ ይባላል። ክምችቱ ራሱ ፍንጭ ነው፤ ከመሬት በታች በግንድ መባዛት፣ የእርጥበት መለያየት፣ ከእናት ተክል ርቆ የማይወድቅ ዘር። የክፈፉ መጠን ከክምችቱ መጠን ጋር ካልተመጣጠነ ግን መልሱ ይለወጣል።

ምልክት አድርጎ መልሶ የመያዝ ዘዴን በዘር ማሰሮ ሠራሁት። 60 ምልክት ተደርጎባቸው ተቀላቀሉ፤ በሁለተኛው ናሙና ከ50 መካከል 12 ምልክት ያለባቸው ቢወጡ ግምቱ 60 × 50 ÷ 12፣ ማለትም 250 ነው። ዘዴው በሜዳ በእንስሳት ላይ ሲሠራ ጥያቄው ከቀመሩ ይልቅ ቀመሩ ስለሚያርፍባቸው ቅድመ ሁኔታዎች ነው። ምልክቱ ከጠፋ ወይም ምልክት የተደረገባቸው ከሞቱ 12 የነበረው ያንሳል፣ ግምቱም ከእውነቱ ይበልጣል። አንዴ የተያዙት ወደ ወጥመዱ መመለስ ከለመዱ ግምቱ ከእውነቱ ያንሳል። አካፋዩ ምን እንደሚሆን ማሰብ ብቻ ነው።

ሁለት ተክል በአንድ ማሰሮ

አሁን የተዘጋጀው ሌምናንና ውሃ ውስጥ ሰምጣ የምትኖረውን ኤሎዲያን አብሮ የያዘ ነው። ጋውዘ በ1934 ባለ አንድ ሴል የሆነውን የፓራሚሲየምን ሁለት ዝርያዎች አብሮ ሲያሳድግ አንዱ ሌላውን አስወጥቷል። የሎትካና የቮልተራ የውድድር ቀመሮች ግን አብሮ የመኖሪያ መንገድም ያሳያሉ፤ እያንዳንዱ ዝርያ ከባላንጣው ይልቅ የራሱን ዝርያ አብዝቶ ሲገድብ ሁለቱ አብረው ይኖራሉ።

የእነዚህ ሁለቱ አቋም የተለያየ ነው። ሌምና ላይ ስለምትንሳፈፍ ብርሃኑን ቀድማ ትወስዳለች። ኤሎዲያ ደግሞ በውሃው ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር ትስባለች፤ ሌምና ሌላ ምንጭ የላትም። ስለዚህ ማሰሮዎቹን በሁለት መደብ ከፈልኳቸው፦ ማዳበሪያ የበዛባቸውና እጅግ የሳሳባቸው። ከየመደቡ ግማሹ በብዙ ኤሎዲያና በጥቂት ሌምና፣ ግማሹ በተቃራኒው ይጀምራል።

ትንበያዬ እንዲህ ተጽፏል። ማዳበሪያ በበዛበት ሌምና ገጹን ትሸፍናለች፤ ከታች ያለው ብርሃን ከኤሎዲያ የማካካሻ ነጥብ በታች ይወርዳል፣ ኤሎዲያም የያዘችውን ስንቅ እየተነፈሰች ትከሳለች። በሳሳው በኩል ኤሎዲያ ውሃውን አራቁታ ሌምናን ታዘገያለች፤ የሌምና ሥር መርዘሙና መገርጣቷ ምልክቱ ይሆናል። አጀማመሩ ለውጥ ያመጣል ብዬ የምጠብቀው በመካከለኛ ማዳበሪያ ላይ ስለሆነ ሦስተኛ መደብ ጨምሬአለሁ። የምለካው የተሸፈነውን የገጽ ክፍል፣ የሌምናን የሥር ርዝመትና የኤሎዲያን ክብደት ነው፤ ክብደቱ የሚመዘነው በመጀመሪያና በመጨረሻ ብቻ ነው፣ በመካከል ማውጣት ሥሯን ያውካልና።